ያረጀ የቤት ዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ፦ በምን ልተካው? መረጃውንስ እንዴት ላሻግር?

ጣና ዳር ጠየቁ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። ቤቴ ውስጥ የምሠራበት ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዚሁ ስም የወጣው አዲሱ ሳይሆን በ2012 የወጣው፣ ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ራም ያለው ነው። በውስጡ ያለው ባለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ ኮምፒውተሩን ያገለገለ ሆኖ ስገዛው አብሮት የመጣ በመሆኑ ምን ያህል ዘመን እንደ ሠራ አላውቅም። ሥራዬ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሒሳብ መያዝ ስለሆነ የበርካታ ደንበኞቼ መዝገብ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ተሠርቶ የሚገኘው እዚሁ ዲስክ ላይ ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ኮምፒውተሩ ሲበራ ዴስክቶፑ እስኪመጣ ድረስ ለረጅም ጊዜ ያስጠብቀኛል፤ ከገባሁ በኋላም ማውሱ ይንቀሳቀሳል እንጂ የነካሁት ፋይል ቶሎ አይከፈትም። ታስክ ማናጀርን ስመለከት ምንም ሥራ ሳላዝዘው ዲስክ የሚለው ዓምድ 100 በመቶ ላይ ተተክሎ ይቆያል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከሣጥኑ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁ በተሰማ ጊዜ ስክሪኑ ለአፍታ ይደርቅና ተመልሶ ይሠራል።

በሰፈሬ የሚገኝ አንድ የጥገና ቤት ዊንዶውሱ ስለ ተበላሸ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ እንደገና ይጫን ብሎኛል። የማውቀው ሌላ ሰው ደግሞ አዲስ ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ገዝቼ እንድተካው መክሮኛል። በእጄ ያለው ገንዘብ ይህን ሃርድ ዲስክ ወይም ወደ 480 ጊጋባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው የዲስክ ዓይነት) ለመግዛት ይበቃል እንጂ ለሁለቱም አይሆንም። ስለዚህ ችግሩ የዊንዶውሱ ነው ወይስ የዲስኩ? ከሁለቱ የቱን ልግዛ? የፒችትሪው መጫኛ ሲዲ ዛሬ በእጄ ስለሌለ፣ ሁሉንም እንዳለ ወደ አዲሱ ዲስክ ማሻገር የሚቻልበት መንገድ ካለ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ የሚዘጋ በመሆኑ ሥራው ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት።


ብሎን ፈቺ መለሱ፦

እንደምን ዋሉ። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎት፣ ዲስኩን ከመመርመርዎም ሆነ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት የደንበኞችዎን መዝገብ ከዚያ ውስጥ እንዲያወጡ ነው። እርስዎ የገለጹት ድምፅና አብሮት የሚመጣው መድረቅ፣ የዲስኩ ማንበቢያ ራስ የሚፈልገውን ቦታ ማንበብ አቅቶት ደጋግሞ እየሞከረ መሆኑን የሚያመለክት ነው። እንዲህ ያለ ዲስክ ለወራት ሊዘልቅ ይችላል፤ ነገ ጠዋት አልነሣም ሊልም ይችላል፤ የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ ሊነግርዎት የሚችል ባለሙያ የለም። ፒችትሪ ውስጥ ፋይል ከሚለው ሜኑ ባክአፕ የሚለውን መርጠው ለእያንዳንዱ ድርጅት ለየብቻው ባክአፕ ይሥሩ፤ ፋይሉ የሚቀመጥበትንም ቦታ ያው ዲስክ ሳይሆን ፍላሽ ያድርጉት። መጨረሻው ፒቲቢ የሆነው ፋይል ከተገኘ በኋላ ወደ ሁለተኛ ፍላሽ ወይም ወደ ጉግል ድራይቭ ይገልብጡት፤ ምክንያቱም አንድ ቦታ ብቻ ያለ ቅጂ እንደ ባክአፕ አይቆጠርም።

ፎርማት ይደረግ የሚለውን ምክር አይቀበሉ። ጥፋቱ የሶፍትዌር ቢሆን ፎርማት ሊረዳ ይችል ነበር፤ ዲስኩ ራሱ ከታመመ ግን ያለዎትን መዝገብ አጥፍቶ ዊንዶውሱን በዚያው እየሞተ ባለ አካል ላይ መልሶ ከመጫን ሌላ የሚያመጣው ፋይዳ የለም። በዚሁ ምክንያት የዊንዶውስን የዲስክ መመርመሪያ ቼክ ዲስክንም ሆነ የፋይል ማደራጃውን ዲፍራግን በዚህ ሰዓት አያስኬዱ። መጥፎ ሴክተር (ዲስኩ መረጃ የሚያስቀምጥበት ትንሹ ክፍል) የሚፈልገው የቼክ ዲስክ አማራጭ የዲስኩን ሴክተሮች ከዳር እስከ ዳር ስለሚያነብ፣ በቀረው ጥቂት ዕድሜ መረጃዎን ማውጣት ሲገባው ድካሙን በከንቱ ያበዛበታል።

መዝገቡ ከወጣ በኋላ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ያውርዱና ስማርት በሚባለው የዲስኩ የራሱ መዝገብ ውስጥ ሦስት መስመሮችን ይመልከቱ። 05 የሚለው ዲስኩ ከአገልግሎት አውጥቶ በመጠባበቂያ ቦታ የተካቸውን ሴክተሮች ይቆጥራል። ሲ5 የሚለው ማንበብ አቅቶት ውሳኔያቸውን በይደር ያቆያቸውን ሴክተሮች ያሳያል፤ ለእርስዎ ከሁሉ ይልቅ አስፈላጊው ይህ ነው። ሲ7 ደግሞ በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል በመጓጓዝ ላይ ሳሉ የተበላሹ መረጃዎችን የሚቆጥር ሲሆን፣ እርሱ ብቻ እየጨመረ ሌሎቹ ዜሮ ከሆኑ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የዲስኩ ሳይሆን ሁለቱን የሚያገናኘው የሳታ ኬብል ነው። ኬብል በትንሽ ገንዘብ የሚገዛ ነገር ስለሆነ ይህን ሳያዩ ዲስክ መለወጥ አይገባም። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ሲጫን ጀምሮ የሚያሳየው በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ፤ በዚያ አቆጣጠር 10 ተብሎ የተጻፈው በእኛ 16 ማለት ነው።

ወደ ምርጫው ስመጣ፣ ያለ ማመንታት ኤስኤስዲውን ይግዙ እላለሁ። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ የሚፈልገው ቦታ ዞሮ እስኪመጣለት በአማካይ ግማሹን ያህል ይጠብቃል። ማንበቢያው ራስ ወደ ቦታው የሚጓዝበት ጊዜ ሲታከልበት አንዱ ጥያቄ ከ12 ሚሊሰከንድ ያላነሰ ይወስዳል። ስለዚህ ዲስኩ ምንም ጤነኛ ቢሆን በሰከንድ ሊያስተናግድ የሚችለው ወደ 80 ገደማ የተበታተኑ ጥያቄዎችን ብቻ ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ሲነሣም ሆነ ከተነሣ በኋላ በጀርባ ሆኖ እጅግ ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን ስለሚያነብና ስለሚጽፍ ያ 100 በመቶ የሚለው ቁጥር በጤነኛ ሃርድ ዲስክም ላይ ይታያል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ያንኑ ጥያቄ ከአንድ ሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ በሆነ ጊዜ ይመልሳል። ሰዎች ማስታወቂያ ላይ በሰከንድ ስንት ሜጋባይት ያነብባል የሚለውን ሲያወዳድሩ አያለሁ፤ በቤት ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ የሚሰማው ግን በዚህ የምላሽ ፍጥነት ነው። አዲስ የ1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ቢገዙ ቦታ ያገኛሉ፤ የዘገየው ኮምፒውተርዎ ግን ከሞላ ጎደል እንደ ዘገየ ይቀራል።

የሚገዙት ኤስኤስዲ 2.5 ኢንች የሆነው የሳታ ዓይነት ይሁን። ኤም.2 የሚባለው እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ዓይነት በዚያ ማዘርቦርድ ላይ መሰኪያ የለውም፤ በፒሲአይ ካርድ ቢያስገቡትም ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ኤንቪኤምኢ ከሚባለው የዚህ ዓይነት ፈጣን ዲስክ መነሣት አይችልም። የዚህ ማዘርቦርድ ኪው77 ቺፕሴት ካሉት የሳታ መሰኪያዎች ሙሉውን 6 ጊጋቢት የሚሰጡት ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ፣ በመጨረሻ ኤስኤስዲውን ሃርድ ዲስኩ ተሰክቶበት በነበረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ ተብሎ በተጻፈበት መሰኪያ ላይ ያድርጉት። በስህተት በ3 ጊጋቢቱ ላይ ቢሰኩትም በሰከንድ 550 ሜጋባይት የሚያነብበው ወደ 280 ዝቅ ይላል እንጂ ከሃርድ ዲስኩ ጋር የሚወዳደር አይሆንም።

በገበያ ላይ ያገለገለን ዲስክ አሽገው እንደ አዲስ የሚሸጡ፣ ከዚያም የባሰ በሐሰተኛ መጠን የሚያቀርቡ አሉ። ሻጩ ፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ተሰክቶ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሠራበት ሰዓት ይታይልኝ ማለት መብትዎ ነው፤ አዲስ የተባለ ዲስክ ሰዓቱ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ደግሞ ኤስኤስዲ ክብደት የሌለው ዕቃ ስለሆነ ለማምጣት አያስቸግርም።


ዋልያ መለሱ፦

ብሎን ፈቺ በጻፉት ሁሉ እስማማለሁ፤ ስለ መጠኑ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጠያቂያችን 480 ሳይሆን 500 ጊጋባይት የሆነውን ኤስኤስዲ እንዲፈልጉ አጥብቄ እመክራለሁ። ምክንያቱም አሁን ያለው ዲስክ 500 ስለሆነ ሴክተር በሴክተር ሲገለበጥ 480ው ላይ አይገባም፤ የመጨረሻው 20 ጊጋባይት የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ባዶ ቦታ ቢኖር እንኳ የዲስኩን ክፍልፋይ (ፓርቲሽን) አስቀድሞ ማሳነስ ያስፈልጋል፤ ማሳነስ ደግሞ በታመመ ዲስክ ላይ ፋይሎችን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ስለሆነ የሚፈለግ ሥራ አይደለም። ባለ 500 የሚባሉት ሃርድ ዲስኮችና ኤስኤስዲዎች ግን የሴክተራቸው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ እኩል፣ 976,773,168 ነው።

የዲስክ አምራቾች ከኤስኤስዲው ጋር በነፃ የሚሰጧቸው የማሻገሪያ ፕሮግራሞች ለጤነኛ ዲስክ መልካም ናቸው። በሲ5 ላይ ቁጥር ካለ ግን ብዙዎቹ የማይነበብ ሴክተር ሲገጥማቸው ሥራቸውን ያቋርጣሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ የተሠራው ዲዲሬስኪው የተባለው ነፃ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይገለብጣል፤ የሚያስቸግረውን ቦታ ዘልሎ ያልፍና ሌላው ካለቀ በኋላ ተመልሶ ይታገለዋል፤ ስለዚህ ዲስኩ በመካከል ቢሞት እንኳ አብዛኛው መረጃ ተሻግሯል ማለት ነው። ሲስተም ሬስኪው የተባለውን ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚነሣ ሥርዓት) ፍላሽ ላይ ጽፈው ኮምፒውተሩን በእርሱ ካስነሡ መሣሪያውን እዚያው ውስጥ ያገኙታል።

ሁለቱን ዲስኮች በአንድ ጊዜ ለማገናኘት የዲቪዲ ማንበቢያውን ኬብሎች ለጊዜው ነቅለው ለኤስኤስዲው ይጠቀሙ። ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳ ይንቀሉ፣ በውስጡ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይቆዩ፣ ከዚያም እጅዎን የሣጥኑን ብረት አስነክተው ሥራዎን ይጀምሩ። የሳታ ኬብል ጫፍ በአንድ በኩል የታጠፈ ስለሆነ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል፤ እምቢ ካለ አቅጣጫውን ያዙሩት እንጂ በኃይል አይግፉት። ኤስኤስዲው ለሃርድ ዲስኩ ከተሠራው ቦታ ስለሚያንስ ከ2.5 ወደ 3.5 ኢንች የሚያሰፋ ማቀፊያ ይኖራል፤ ካጡትም የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ዕቃ ስለሆነ ሣጥኑ ውስጥ በማይወዛወዝበት ቦታ ቢያርፍ አይጎዳም።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ የሚያስፈራኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሊኑክሱ ውስጥ የሚገለበጠውንና የሚገለበጥበትን ዲስክ ሲመርጡ ሁለቱም 500 ስለሚሉ በመጠናቸው ሊለዩዋቸው አይችሉም። ከተቀያየሩ ባዶው ዲስክ በሞላው ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም። ስለዚህ ከመግጠምዎ በፊት የሁለቱንም ሞዴልና መለያ ቁጥር ከላያቸው ላይ በወረቀት ይጻፉ፤ መሣሪያው ከሚያሳየው ጋር አስተያይተው ትእዛዙን ይስጡ።

ሲያልቅ ሁለቱን ዲስኮች አንድ ላይ ሰክተው ዊንዶውስን አያስነሡ፤ አንድ ዓይነት መለያ ስለሚኖራቸው ዊንዶውስ ይምታታበታል። አሮጌውን ነቅለው አዲሱን ብቻ ያስነሡ። ባዮስ ውስጥ ሳታ ኦፐሬሽን የሚለውን ቦታም እንደ ነበረ ይተዉት፤ ከተለወጠ የተገለበጠው ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። ቼክ ዲስክን ማስኬድ የሚገባው አሁን፣ በአዲሱ ዲስክ ላይ ነው። የዊንዶውሱ ፈቃድ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዲስክ በመለወጥ አይጠፋም።


መብራት ጠባቂ መለሱ፦

ከላይ የተሰጠው መመሪያ መብራት እንደማይጠፋ ታስቦ የተጻፈ ስለ መሰለኝ ይህን ልጨምር። ጤነኛ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢገለበጥ እንኳ 500 ጊጋባይት ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈልጋል፤ የታመመው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። ዲዲሬስኪው የደረሰበትን ቦታ የሚመዘግብበት ማፕ ፋይል አለው፤ ሥራው ቢቋረጥ በዚያው ፋይል ካቆመበት ይቀጥላል። ነገር ግን በፍላሽ የተነሣው ሊኑክስ ፋይሎቹን የሚያስቀምጠው ራም ላይ በመሆኑ ማፕ ፋይሉን በሁለተኛ ፍላሽ ላይ ካላኖሩት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ካለዎት ወይም ለአንድ ሌሊት መዋስ ከቻሉ ደግሞ እጅግ መልካም ነው። ኤስኤስዲም ቢሆን በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ሲቋረጥበት መረጃ ሊያጣ ይችላልና ዩፒኤሱን ከሥራው በኋላም አይተዉት።


ፊደል ወዳድ መለሱ፦

ግልበጣው ከተሳካ የምጽፈው አያስፈልግም፤ ካልተሳካና ዊንዶውሱ እንደ አዲስ የሚጫን ከሆነ ግን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ለደንበኞችዎ የጻፏቸው የቆዩ ደብዳቤዎች በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በቀድሞው የፓወር ግዕዝ ፎንት ተጽፈው ከሆነ ፋይሉን ብቻ ማትረፍ አይበቃም። እነዚህ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት መለያ ቁጥር ላይ የሚያስቀምጡ ስለ ነበሩ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል፤ ባለቤቱም ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ፎንትስ የተባለውን ፎልደር ሙሉ በሙሉ አሁኑኑ ፍላሽ ላይ ይገልብጡት። ግዕዝ ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም በአሮጌው ፎንት የተጻፈ ሰነድ በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ ሞልቶ አለ፤ እንዲህ እየሆነ ሲጠፋ ማየት ያሳዝነኛል።

ፒችትሪንም እንደገና መጫን ግድ ቢሆን የምታገኙት ቅጂ አሁን ካለው ጋር እኩል ወይም ከእርሱ የበለጠ እትም መሆን አለበት፤ በአዲስ እትም የተሠራ ባክአፕ በአሮጌው አይከፈትምና ዛሬ ፕሮግራሙ ሳይዘጋ የእትሙን ቁጥር ይጻፉት።

በተጨማሪም ዊንዶውስ 10 ከማይክሮሶፍት ያገኝ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚጠይቀው ከኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ስለሆነ ይህን ፕሮሰሰር አይቀበልም። ለዚህ ኮምፒውተር ሌላ ዕቃ ለመግዛት ብዙ ገንዘብ አያውጡ፤ ኤስኤስዲው ግን ነገ ወደሚገዙት ኮምፒውተር ተነቅሎ የሚሄድ በመሆኑ ወጪው አይባክንም።


ጣና ዳር ጻፉ፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ የሁሉንም ደንበኞች ባክአፕ በፍላሽና በጉግል ድራይቭ አስቀምጫለሁ፤ ፎንቶቹንም ገልብጫለሁ። የአንዱ ድርጅት ባክአፕ በመጀመሪያው ሙከራ ቢቆምም በሁለተኛው አልቋል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በቢጫ ያስጠነቅቃል፤ 05 ዜሮ፣ ሲ5 18፣ ሲ7 ዜሮ ይላል። ቁጥሩን በእኛ አቆጣጠር ሳሰላው 24 ሴክተር መሆኑ ነው። ባለ 500ውን ኤስኤስዲ አስመጥቼ በዋልያ መመሪያ መሠረት ለመገልበጥ ወስኛለሁ። የቀረኝ ጥያቄ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ አሮጌውን ዲስክ ፎቶግራፍና የመሳሰለውን ለማስቀመጥ ሁለተኛ ዲስክ አድርጌ ልጠቀምበት እችላለሁ ወይ የሚል ነው።


ብሎን ፈቺ መለሱ፦

ስሌትዎ ትክክል ነው፤ ሲ7 ዜሮ ስለሆነም ኬብሉ ነፃ ነው። 05 ዜሮ ሆኖ ሲ5 መቆጠሩ ዲስኩ ገና ያልተካቸው ሃያ አራት ቦታዎች አሉ ማለት ነው፤ በእነዚያ ላይ ሲጻፍ ወይ ይድናሉ ወይ ወደ 05 ይዛወራሉ። አንዳንድ ሰው በዚህ ተስፋ ዲስኩን ፎርማት አድርጎ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ተፈወሰ ብሎ ይደሰታል፤ የእርስዎ ግን ድምፅ የሚያሰማ ስለሆነ ፎቶግራፍ እንኳ አያስቀምጡበት።

ግልበጣው ቢሳካም እያንዳንዱን ድርጅት በፒችትሪ ከፍተው ሚዛኑን በባክአፑ ጊዜ ከነበረው ጋር እስኪያመሳክሩ ድረስ አሮጌውን ዲስክ አይንኩት። ከእነዚያ ሃያ አራት ሴክተሮች አንዱ በመዝገብ ፋይል መካከል የወደቀ ከሆነ ዊንዶውሱ በደኅና ተነሥቶ የአንድ ደንበኛ መዝገብ ብቻ ሊበላሽ ይችላል፤ ለዚያ ደንበኛ ባክአፑን መልሰው ይጭናሉ። ዲስኩን ነቅለው፣ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ በማያጠቃው ከረጢት ጠቅልለው፣ የዓመቱ ሒሳብ ተዘግቶ እስኪያልቅ በደረቅ ቦታ ያኑሩት።

ከዚያ በኋላ ለማንም አይስጡት፣ ለቁራሊዮም አይሽጡት፤ የሰው የንግድ ምሥጢር ያለበት ነው። አሁንም የሚሠራ ከሆነ ሙሉውን አንድ ጊዜ በዜሮ መሙላት ይበቃል። መጻፍ ካቃተው ግን ክዳኑን መፍታት ነው፤ ብሎኖቹ ኮከብ ቅርጽ ስላላቸው ለእነርሱ የተሠራ ካቻቪቴ ያስፈልጋል። ውስጡ ያሉት የ3.5 ኢንች ዲስክ ሳህኖች አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም በመሆናቸው በመዶሻ ሲመቱ ይታጠፋሉ እንጂ አይሰበሩም፤ ስለዚህ በመሰርሰሪያ በበርካታ ቦታ ይብሱ፣ ገጻቸውንም በሁለቱም በኩል በሻካራ ወረቀት ይፋቁ።